በማስቲካ ሊያክሙኝ ነው

ደም አስታውኬ ሆስፒታል ገባሁ። የኔ እንግሊዝኛ ፓርክ ሮያል ሰፈር ለምሠራው የመጋዘን ሥራ ይበቃል እንጂ ከሐኪም ጋር አያነጋግርም፤ አስተርጓሚ እስኪመጣ ደግሞ ደሙ አይጠብቅም። እዚሁ ለንደን የተወለደችው ልጄ ሣራ ዶክተሩ የሚለውን ማስተርጎም ጀመረች። «አባዬ፣ ጨጓራህ ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ፈንድቷል። ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍህ አስገብተው፣ በመርፌ ማስቲካ ይጨምሩበታል» አለችኝ።

«ምን? ማስቲካ?» አልኳት። «ማስቲካ ከዋጥሽ አንጀትሽ ይጣበቃል» እያልኩ ያሳደግኳት እኔው ነኝ። «አይሆንም በይው! ሆዴ ሊጣበቅ ነው እንዴ?» ያልኩትን ቃል በቃል ነገረችው። ዶክተሩ ግራ ተጋብቶ አየኝና «እኛም የምንፈልገው እንዲጣበቅ ነው» አለ። ሁለት ጣቶቹን አጣብቆ፣ አልላቀቅ እንዳሉት ሆኖ ሲያሳየኝ ያኔ ገባኝ።

«ሙጫ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ሙጫ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ዶክተሩን እሺ አልኩት።

ስነቃ ደሙ ቆሟል። ሣራ አጠገቤ ተቀምጣ ማስቲካ ታኝካለች። ዓይኔን መግለጤን ስታይ ደንግጣ ዋጠችው። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንጀትሽ ይጣበቃል» አላልኳትም።