መምህሩ አረፉ
ቡሬ ላይ የመብራት መስመር ያልዘረጋሁበት ቤት የለም፤ ጓዳ ውስጥ አውሮፕላን ያየሁት ግን አንድ ጡረተኛ መምህር ዘንድ ነው። በጣውላ የአውሮፕላን ጋቢና ሠርተው፣ ከፊታቸው የበረራ ጨዋታ የተጫነበት ላፕቶፕ ደቅነው፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ ያበርራሉ። ካርታ ማንበቢያ ኤልኢዲ መብራት ከራሳቸው በላይ ገጠምሁላቸውና ደጅ ካለው ቆጣሪ ላበራ ወጣሁ። አብርቼ ስመለስ ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው፣ ረጋ ብለው «አሁን አረፉ» አሉኝ።

ኮረንቲ የያዛቸው መሰለኝ። «ወይኔ! ገደልኋቸው!» ስል ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «ምን ነካህ ልጄ? እሳቸው እኮ በቀን ሦስቴ ነው የሚያርፉ!» ወዲያው የመምህሩ ድምፅ ከጓዳ መጣ፤ «ባሕር ዳር ነው ያረፍሁ! መብራትህ ግሩም ነው!» እኔ እደጃፉ ላይ እንደቆምሁ ነፍስ ይማር ልል የከፈትሁትን አፍ «እንኳን ደህና ገቡ!» ብዬ ዘጋሁት።