የአንገት ጣውላ

(ፊሊፒንስ፤ ስፔኖች ወጥተው አሜሪካኖች በገቡ በአምስተኛው ዓመት። የቀድሞው መምህር አናክሌቶ ቀርከሃ ቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው የዓሣ ወጥመድ ይጎነጉናሉ፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ፔትሮኒላ ፊታቸው ቆማለች።)

ፔትሮኒላ፦ አልሰጥም ካሉ ሳጥኑን ሰብሬ እወስዳታለሁ!

አናክሌቶ፦ ስበሪያ! ማን ያዘሽ?

ፔትሮኒላ፦ አባባ፣ ገመድ ያላት አንዲት ጣውላ ናት የጠየቅሁዎት።

አናክሌቶ፦ ስንቱን ልጅ አንገት ያስደፋች ጣውላ።

ፔትሮኒላ፦ ሰኞ አሜሪካዊው የትምህርት ተቆጣጣሪ ይመጣል። ክፍሌ ውስጥ እንግሊዝኛውን ትቶ የቤቱን ቋንቋ፣ ታጋሎግ የሚናገር ልጅ ከሰማ በእኔ ቦታ አሜሪካዊት ያስገባል።

አናክሌቶ፦ ጣውላ አንጠልጥይባቸው ያለሽ እሱ ነው?

ፔትሮኒላ፦ እሱማ ምን በወጣው! «ዘዴ ፈልጊ» ብቻ ነው ያለኝ።

አናክሌቶ፦ የኛ ስፔናዊው ቄስ እንኳ በአፋቸው ነበር ያዘዙኝ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

ፔትሮኒላ፦ ሃያ ዓመት ሙሉ በስፔን ቋንቋ ጸሎት ሲያሸመድዱን ለማን ገባው?

አናክሌቶ፦ ለማንም። ለእኔም አልገባኝም ነበር።

ፔትሮኒላ፦ ምን አሉ?

አናክሌቶ፦ አልገባኝም ነበር አልኩሽ! እኔ ቄሱን እደግማለሁ፣ እናንተ እኔን ትደግማላችሁ። አንቺስ ትናንት ስለ በረዶ ስታስተምሪ ነበር፤ በረዶ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ፔትሮኒላ፦ በሥዕል አይቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎ ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ክፍል ውስጥ በታጋሎግ «አባባ» ብዬ ስለጠራሁዎት፣ በስድስት ዓመቴ አንገቴ ላይ ያጠለቋት እርስዎ አይደሉም? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አናክሌቶ፦ እኔም አልረሳሁም። ደንቡ ምን ነበር? ታጋሎግ ሲናገር የያዝሽው ልጅ አንገት ላይ እስክታሳልፊያት ድረስ ያንቺ ናት። ማንን ያዝሽ?

ፔትሮኒላ፦ ባሲልያን።

አናክሌቶ፦ የልብ ጓደኛሽን። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣለች?

ፔትሮኒላ፦ ልጇ አሁን እኔ ክፍል ናት።

አናክሌቶ፦ በይ እንግዲህ፣ እናቷን ጨርሰሻል፤ እሷ ቀርታሻለች።

ፔትሮኒላ፦ እኔ ከተባረርኩ ማን ያዝንላታል? እኔ ባጠልቅላትም እያዘንኩ ነው።

አናክሌቶ፦ እኔም እያዘንኩ ነበር።

ፔትሮኒላ፦ ማዘን! አንድ ቀን እርስዎ አንገት ላይ ገብታ ቢሆን ኖሮ ነበር የምናየው።

አናክሌቶ፦ ገብታለች።

ፔትሮኒላ፦ መቼ?

አናክሌቶ፦ እናትሽ የሞተች ዕለት። «ልጆች፣ ሚስቴ ሞታለች፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ብዬ በታጋሎግ ስናገር ቄሱ በር ላይ ቆመው ይሰሙኝ ነበር። በልጆቹ ፊት አጠለቁልኝ።

ፔትሮኒላ፦ ለማን አሳለፏት ታዲያ?

አናክሌቶ፦ ለማንም። እስከ ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ፔትሮኒላ፦ አባባ...

አናክሌቶ፦ ሳጥኑ ባዶ ነው፤ ይቺውና፣ ተቀምጬባት ነው። ከመጣሽ ጀምሮ በታጋሎግ ስትጨቀጭቂኝ ያዝኩሽ፤ ነይ ጎንበስ በይ፣ አንገትሽን አምጪ።