ወንዙ ስልክ ላይ ነው

— ሄሎ... ሄሎ? አቤት! ቆይ፣ ቆይ አንዴ... ኔትወርክ ያለው ወንዙ ዳር እዚህች ድንጋይ ላይ ብቻ ነው፣ ልውጣባት... ሄሎ፣ አሁንስ ትሰማኛለህ?

— እሰይ። ደህና ነን፣ ሁለታችንም ደህና ነን። ድንኳኑን ተክለን ጨርሰናል። ማለቴ እናትህ ተክለው ጨርሰዋል፤ እኔ ካስማ አቀባይ ነበርኩ።

— እንዴት ሆኑ ትላለህ? እሳቸው እኮ ጡረታ የወጡት ከትምህርት ቤቱ እንጂ ከስፖርቱ አይደለም። ያን የሚያህል ሻንጣ አዝለው፣ ቀኑን ሙሉ ከፊት ከፊቴ እያፏጩ... እኔ ከኋላ ምላሴን አውጥቼ። አሁን ደግሞ ሾርባ እያሞቁ ነው። እማዬ፣ ልጅዎ ነው! ሰላም ይልዎታል!... "ሚጣን ራት አብልቷታል ወይ?" ይላሉ።

— በላች? ጎሽ፣ የኔ አንበሳ።

— መንገዱማ... እንዴት ብዬ ልንገርህ። ከወንዙ አይለይም። ወንዙ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል፣ ወንዙ ሲያርፍ እሱም ያርፋል። አንድ ቦታ ላይ ዛፎቹ ከላይ ገጥመው፣ ከሥራቸው ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። እዚያ ስንደርስ ሁለታችንም ወሬ አቆምን። ዝም በሉ ያለን የለም እኮ! ፀጉር ቤት ቀኑን ሙሉ ማድረቂያ ሲጮህበት የሚውል ጆሮዬ፣ ዛሬ ነው ጆሮ መሆኑን ያወቀው። አሁን ራሱ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የማወራህ። ፀሐይዋ ልትገባ ነው፤ ጭጋጉ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ይነሳል...

— ምንድነው እሱ? ማነው የሚያለቅሰው?

— ሚጣ ናት? ከመቼ ጀምሮ?... ታዲያ እስካሁን ስለ ዛፍ ታስለፈልፈኛለህ!

— እንቅልፏ ከመጣ ቧንቧውን ክፈትላታ።... ውሃ ሄደ? ዛሬ?... አይ የኛ ነገር! ሰው ልጁን በእሹሩሩ ያስተኛል፣ እኛ በቧንቧ ድምፅ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍተን፣ ባልዲ ደቅነን... እናትህ "ኋላ ትቸገራላችሁ" ብለውን ነበር። አትንገራቸው።

— ቧንቧውንስ መልሰህ ዘጋኸው? ውሃ ሲመጣ ቤቱን እንዳታጥለቀልቀው።... "እሺ፣ በኋላ"? የአንተን በኋላማ አውቀዋለሁ።

— በስልክ የዝናብ ድምፅ? እንዴት ጥሩ አስበሃል!... እና?... ዓይኗን ልትከድን ስትል ማስታወቂያ ገባ? የምን?... የሳሙና! አትሳቅ። አታስቀኝ፣ ልጄ እያለቀሰች ነው።

— ስጣት እስቲ፣ ጆሮዋ ላይ አድርግላት። ሚጣዬ! የኔ ማር! እማ ናት... እማ ነገ ትመጣለች፣ እሺ? እሹሩሩ... እሹሩሩ... ኧረ ባሰባት!

— ያስመልሳታል? ይህን ያህል አለቀሰች?... በቃ፣ እመጣለሁ።... አዎ፣ አሁን። ወንዙን ተከትሎ መመለስ ነው፣ አይጠፋኝም።... ይጨልም፣ ባትሪ አለኝ።... መንገዱ ላይ ያለው ገደል ጋ ስደርስ ቀስ እላለሁ። "አትምጪ፣ እንችላለን" አትበለኝ፣ እየሰማኋት!

— እማዬ፣ የግንባር ባትሪዬን አይተዋል?... እማዬ?... ተቀምጠውበታል! እናትህ ባትሪዬ ላይ ተጎልተውበታል! "ሲነጋ ትወስጂዋለሽ" ይሉኛል። እማዬ፣ በሞቴ፣ እርስዎም እኮ ወልደዋል!

— ምን ላድርግ ታዲያ? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ብመጣ ገደሉ፣ ብቀር ለቅሶዋ። ከተወለደች አንድ ሌሊት ተለይቻት አላውቅም፣ ታውቃለህ...

— . . . . .

— ሄሎ? አለህ? ለምን ዝም አላችሁ?... ዝም አለች?... ይኸው ደግሞ ጀመረች!... እንዴት ማለት "አንቺ ስታወሪ"?... እኔ ዝም ስል ዝም ትላለች?

— ቆይ እስቲ።

— . . . . .

— ወንዙን ሰምታ ነው! ቧንቧ መስሏት ነው!... እሺ፣ እሺ፣ ዝም አልኩ። ድምፁን ከፍ አድርገህ ትራሷ አጠገብ አስቀምጠው። አንተም አጠገቧ ጋደም በል፣ ግን አደራ እንዳትተኛ። ስትተኛ ንገረኝ። እኔ ስልኩን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጌ እይዘዋለሁ። እንዳያመልጠኝ ጸልይልኝ።

— . . . . .

— (በሹክሹክታ) እማዬ... የኔን ሾርባ ያቆዩልኝ። ሚጣን እያስተኛኋት ነው።... ዝም አይነቅዝም? እሱን ነው የማደርገው።

— . . . . . . . . . .

— ተኛች?... አንተ... ተኛች ወይ?

— ሄሎ?

— አሃ። ሁለት ትንፋሽ ነው የምሰማው። አንዷ ትንሽዬ፣ አንዱ የሚያንኮራፋ። አደራ በላ! ሳምንቱን ሙሉ መሪ ጨብጦ የከረመ ሹፌር ላይ ወንዝ ለቅቄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

— ተኛ፣ ግድ የለም። ስለማትሰማኝ በሹክሹክታ ልንገርህ። ቅድም "ነይ" ትለኛለህ ብዬ ነበር። "እንችላለን" ስትል ከፋኝ። መንገዱን ሙሉ ያለ እኔ ምን ይሆናሉ እያልኩ ነው የመጣሁት። ልጄ ደግሞ የምትተኛው እኔ አፌን ስዘጋ ሆነ! እንዴት አይከፋኝ?

— ግን ምን ሆነ መሰለህ... ጭጋጉ ጉልበቴ ደርሷል። ማዶው አይታይም። ያለሁት ወንዝ ላይ ይሁን ደመና ላይ እንጃ። ውሃው በእጄ ሥር ያልፍና እናንተ ትራስ ላይ ይደርሳል... ከፍቶኝ ሳለ ደስ አለኝ። ሁለቱም አንድ ላይ። እናትህ ምን ይላሉ መሰለህ፣ ይሄ ወንዝ ወርዶ ወርዶ የከተማችን ግድብ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ነው በቧንቧ እኛ ቤት የሚመጣው። እንግዲህ ሚጣን ከተወለደች ጀምሮ የሚያስተኛት እሱ ኖሯል። እኔ ዛሬ ገና ተዋወቅሁት።

— ክንዴ ዛለ። የስልኬም ባትሪ ቀይ ሆኗል። ቢጠፋና ብትነቃስ? ያኔ እናትህን ገፍቼም ቢሆን...

— ቆይ። ማነው የሚያስለው? አንተ ነህ?... አይደለህም። ደግሞ ሳለ...

— ቧንቧው ነው! አየሩን እያስወጣ ነው... ውሃ መጣ! አልዘጋኸውም፣ አይደል? "በኋላ" እንዳልክ ተኛህ! አንተ ዝንጉ፣ አንተ የኔ ዝንጉ... እሰይ፣ እንኳን አልዘጋኸው።

— ሚጣ?... አልነቃችም። ባልዲው ውስጥ ይንቆረቆራል። ሞልቶም ይፍሰስ፣ ወለሉ መውረጃ አለው። ለዛሬ ይፍሰስ።

— እማዬ! ከባትሪው ላይ መነሳት ይችላሉ፣ አልሄድም!... ቀዘቀዘ? ቀዝቃዛም ቢሆን እጠጣዋለሁ። መጣሁ።

— በሉ፣ ተረኛው መጥቶላችኋል፤ እኔ ልረፍ። ሚጣዬ፣ ነገ ማታ ግን ቧንቧ የሚባል የለም፣ በእማ ድምፅ ነው የምትተኚው። እሺ?...

— ...እሺ፣ ትንሽ ቧንቧ፣ ትንሽ እማ። ደህና እደሩ።