የአዴ ደሜ መልስ

በእኛ ዕድሜ፣ ልጄ፣ ኑሮ ተሻለ ወይስ ባሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው ይባላል፣ በጎቹ ወለዱ ወይ ይባላል፣ በቃ። አንተ ግን አሁን እዚህ አምቦ ሆስፒታል ደጅ አጠገቤ ቁጭ ብለህ «አባባ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ልማት ልማት ሲባል የኖረው ለሕዝቡ ምን አመጣለት?» አልኸኝ። እኔ ይህን ጥያቄ እፈራዋለሁ። የምፈራው መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፣ አንድ ጊዜ መልሼው፣ መልሼም ፈርሜበት ስለማውቅ ነው። እንግዲህ ስማኝ፣ እኔም ሳልቸኩል ላውራህ።

አዴ ደሜን አታውቃትም፣ አዴ በእኛ ወይዘሮ ማለት ነው። የጓደኛዬ የበቀለ ሚስት ናት፣ ጎጆ ከተማን አልፈህ ወደ እኛ መንደር ስትወርድ ከቤተ ክርስቲያናችን በታች ነው ቤቷ። በቀለ ሲሞት ልጆች ይዛ ቀረች። ታዲያ ደሜ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። አገራችን ደጋ ነው፣ እንቅርት ብርቅ አይደለም፣ የእሷ ግን መጀመሪያ የሎሚ ያህል ነበር፣ ኋላ የድንች ያህል ሆነ፣ የጎጆን ድንች ደግሞ ታውቀዋለህ። እና እሁድ እሁድ ስንዘምር ከኋላዬ ትንፋሿ ሲያፏጭ እሰማ ነበር። ጤና ጣቢያ አይተዋት «ይህ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም፣ አምቦ ሂጂ» አሏት። በምን ትሂድ?

በዚያው ሰሞን ነው የጤና መድን የመጣው። ሰው በየዓመቱ እያዋጣ ካርድ ይይዛል፣ ማዋጣት የማይችለው ድኻ ደግሞ ተመርጦ በነጻ ይሰጠዋል ተባለ። ድኻውን ማን ይምረጥ? ቀበሌው ስብሰባ ጠራና ሕዝቡ «ኦቦ ዋቅጅራ ይምረጡ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ አያዳሉም» አለ። አያዳሉም ሲሉኝ ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ከእኔ ጋር የቀበሌው ጸሐፊ ቶሎሳ ተመደበ፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ እግሩም አፉም የማያርፍ፣ እና ፎርሙን ይዘን ቤት ለቤት ዞርን።

ፎርሙ ምን ይላል መሰለህ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሣር? ልጆች ይማራሉ? ስልክ አለ? መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ ኑሮው ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ተሻሽሏል፣ ያው ነው፣ ወይስ ብሷል? ከሥሩ የእኔ ፊርማ።

ቆይ፣ ስለ ጣሪያው ልንገርህ። ልጆች ሆነን በአገሩ ሁሉ ቆርቆሮ ያለው አንድ ሰው ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ድምፁን ለመስማት ከደጁ ሄደን እንቆም ነበር። እና ፎርሙን ያወጣው ሰው ለእኛ ጊዜ ልክ ነው። ነገር ግን የቤት ክዳን ሣር የምናጭድበት ጨፌ ታረሰ፣ ግማሹ ድንች ሆነ፣ ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆነ። ዛሬ ቤቱን በሣር የሚከድን ሀብታም ነው። አንድ የድንች ነጋዴ እንግዳ የሚያጫውትበት ክብ የሣር ቤት ግቢው ውስጥ ሠርቶ ቶሎሳ ቢያየው «ኦቦ፣ በዚህ በእኛ ፎርም እኚህ ሰውዬ ድኻ ሊሆኑ ነው» ብሎ ሲስቅ ሲስቅ ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ። የደሜ ቤት ቆርቆሮ ነው። ግን ቤተ ክርስቲያናችን ስትታደስ የተነሣው አሮጌው ቆርቆሮ ነው፣ የድሮው ምስማር ቀዳዳ ሁሉ አለበት፣ ተሸክሜ ያመጣሁላት እኔ ራሴ ነኝ። ክረምቱን አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ እየጎተተች ነው የምትከርመው። ታዲያ ፎርም ላይ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ነው።

እና ደሜ ቤት ደረስን። እንግዳ መጣ ብላ አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ ወጣች፣ አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ ተባባልን፣ ቶሎሳም መጠየቅ ጀመረ። ልጆች ይማራሉ? ይማራሉ። ስልክ? አለ፣ ትልቁ ልጇ አዲስ አበባ ቀን ሥራ ሄዶ የላከላት ነው። ከዚያ ቶሎሳ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣

«አዴ ደሜ፣ ኑሮ እንዴት ነው ከድሮው? ተሻሽሏል?» አላት።

«ጌታ ይመስገን፣ ተሻሽሏል» አለች።

እኛ ዘንድ እኮ፣ ልጄ፣ ኑሮ እንዴት ነው ላለህ ሰው ቤትህ ተቃጥሎ ቢያገኝህም ጌታ ይመስገን ነው የምትለው። እሷ ደግሞ ምስክርነት ስትሰጥም እንዲያው ናት፣ አደረገልኝ እንጂ አጣሁ አትልም። ቶሎሳ ልጅ ነው፣ «ተሻሽሏል» የሚለው ላይ ምልክቱን አደረገ። እኔ ግን አውቅ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የጓደኛዬ ሚስት ናት፣ ቆርቆሮውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ አያዳላም ብለው የመረጡኝ ሰዎች ምን ይሉኛል አልኩና ዝም አልኩ። ዝም ብዬም ፈረምኩ።

ስም ዝርዝሩ ተለጠፈ፣ ደሜ የለችበትም። መጥታ ለምን አላለችኝም። እንደ ወትሮው ትዘምራለች፣ ማፏጨቱ ግን ጨመረ። አንድ ቀን ገበያ ላይ ሴት ልጇን አገኘሁና እናትሽ እንዴት ናት ብላት፣ «ጋደም ስትል ያፍናታል፣ ቁጭ ብላ ነው የምትተኛው» አለችኝ። ከዚያ ገበያ ምን ገዝቼ እንደተመለስኩ አላስታውስም።

በነጋታው ቶሎሳ ዘንድ ሄድኩ። የደሜ ፎርም ይስተካከል አልኩት።

«ኦቦ፣ እዚያ ላይ ያለው ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም።»

«እሺ፣ እውነት ነው?»

«እውነትም አይደለም።»

«ታዲያ ለዚህ ምልክት የማደርግበት ሣጥን የለኝም» አለኝ። ሲያሾፍ አይደለም፣ አዝኖ ነው። ዝርዝሩ አልፏል፣ ካርዱ የሚታደስበት ጊዜ እስኪመጣ ይጠብቁ አለኝ። ዓመት ጠበቅን። ዓመቱን እኔ በፊርማዬ ጠበቅሁት፣ እሷ በአንገቷ።

ጊዜው ሲደርስ ስብሰባ ላይ ተነሣሁና፣ ወገኖቼ፣ አምና የፈረምኩት ትክክል አልነበረም፣ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ አልኩ። ታዲያ አንዱ ከኋላ «ኦቦ ዋቅጅራ፣ አምናም እውነት ተናገሩ፣ ዘንድሮም እውነት ተናገሩ፣ የትኛውን እንያዝ?» አለ፣ ሰዉም ሳቀ። ልክ ነው፣ ይሳቅ። ብቻ ቤቶቹ እንደገና እንዲታዩ ተስማሙ።

ደሜ ግን እምቢ አለች። «ጌታ አደረገልኝ ብዬ በአፌ ተናግሬ፣ ለካርድ ብዬ ልካደው? ያን ጊዜ የእናንተ አመጣጥ ሰላምታ ነበር የመሰለኝ፣ እንደ ሰላምታው መለስኩ፣ አለቀ» አለች። ቶሎሳን ዛሬ አንተ ጻፍ፣ እኔ ልጠይቅ አልኩት። ኑሮ እንዴት ነው አላልኳትም። በቀለ በሕይወት ሳለ ነሐሴን በምን ትወጡት ነበር አልኳት።

አሰበችና «በጎች ነበሩን፣ ጨፌው ላይ ይውላሉ። ሲጨንቀን አንዱን ሸጠን ገብስ እንገዛለን» አለች። አሁንስ? «በግ ምን ይበላል? ጨፌው የለም። አሁን ሰው ድንች ሲያስለቅም ሄጄ እለቅማለሁ፣ በላስቲክ የተቋጠረች ዘይት ገዝቼ እገባለሁ፣ ካልጠሩኝ አልገዛም።» ቶሎሳ ሊጽፍ ሲል እሷው እጇን አነሣች። «ቆይ፣ ይህንንም ጻፍ። በዚያ በደጉ ጊዜ ሁለት ልጅ በኩፍኝ ቀብሬያለሁ። ከልጅ ልጆቼ አንድም አልሞተብኝ፣ ሁሉም ተከትበዋል። ሴት ልጄ ነርስ ልትሆን ነው። ይህን ዋጥ አድርጌ ባሰ ብል እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ልጆቹ ተሻላቸው፣ ኦቦ ዋቅጅራ። እኔ ባሰብኝ። ሁለት መስመር የለውም?»

የለውም። ቶሎሳ ጀርባው ላይ ጻፈው፣ ጀርባውን ማንም እንደማያነበው እያወቀ። ፊቱ ላይ «ብሷል» አደረገ፣ እኔም ፈረምኩ። ካርዱ መጣ።

እና ይኸው አምቦ አመጣናት። ሐኪሙ በፎቶ አይቶ፣ ወደ ውስጥ ከደረት አጥንቷ በስተኋላ ወርዷል፣ አምና ቢሆን ይቀል ነበር አለ። ክፉ አልተናገረኝም፣ ማን እንደፈረመ አያውቅ። ነገ ጠዋት ነው ለቀዶ ሕክምናው የምትገባው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ምን መሰለህ፣ ያን ዓመት የዞርነው አንድ ቤት ብቻ አይደለም። በየደጁ ኑሮ እንዴት ነው አልን፣ በየደጁ ጌታ ይመስገን፣ ማርያም ትመስገን አሉን፣ ቶሎሳም ምልክት አደረገ። ያ ወረቀት ወረዳ ገባ፣ ከወረዳ ወዴት እንደሄደ እኔ አላውቅም። እና በሬዲዮ የአርሶ አደሩ ኑሮ ተሻሽሏል ሲባል በሰማሁ ቁጥር፣ ይህ የደሜ ሰላምታ ይሆን እላለሁ። ላይሆንም ይችላል። ኩፍኙ ቀርቷል፣ ትምህርት ቤቱ ተሠርቷል፣ ይህን የሚክድ ዓይን የለውም። ግን ተሻለ የሚለውን ቃል ከእንግዲህ ለብቻው አልፈርምበትም። ለማን ተሻለ፣ በማን አንገት ተሻለ ብዬ ሳልጠይቅ አልፈርምም።

«ነገ የሚያስገቧት በስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው፣ ኦቦ ዋቅጅራ ነገራቸውን ሲጨርሱ።

«ሁለት ሰዓት ላይ ብለውናል።»

«አብሬዎት እመጣለሁ፣ አባባ።»

«ና። ብቻ እሷ ዘንድ ስትገባ እንዴት ነሽ አትበላት። ሲያፍንሽ አደረ ወይ በላት፣ ያኔ ትነግርሃለች።»