ሳሎን የተሰቀለው የውሃ ወረቀት

ጉድጓድ ቆፋሪው ሽማግሌ በገዛ እጃቸው በቆፈሩት የግቢያቸው ጉድጓድ ከመጠን በላይ ይኮሩ ነበር። ውሃው ተመርምሮ «ለመጠጥ ተስማሚ» የተባለበትን ወረቀት እንደ ሠርግ ፎቶ መስታወት ውስጥ አስገብተው ሳሎን ሰቅለውታል። አንድ የክረምት ቀን፣ ውሃ ምርመራ ክፍል የምትሠራው የጎረቤት ልጅ ዝናብ ይዟት ደጃቸው ተጠለለች።

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን ያቆምሻል!» አሏት።

የሁለት ወር የልጅ ልጃቸውን ታቅፈዋል። እናቱ ታማ ሆስፒታል ስለተኛች፣ የዱቄት ወተት በጥብጠው በጡጦ የሚያጠቡት እሳቸው ናቸው። ውሃው ምድጃ ላይ ይንተከተካል።

ልጅቱ ወረቀቱን አነበበች። «አባባ፣ ይኼ እኮ የበጋ ምርመራ ነው።»

«ታዲያስ? ጉድጓዱ ያው!»

«ጉድጓዱስ ያው ነው፤ ውሃው ግን በየወቅቱ ይለዋወጣል። ዝናቡ ከሽንት ቤትና ከፍግ ናይትሬት የሚባል ነገር አጥቦ ያወርዳል። አይታይም፣ አይሸትም።»

«እኔ ደግሞ ሁለት ሦስቴ አፈላዋለሁ!»

ምስኪን ሽማግሌ! በጥንቃቄ የሚስተካከላቸው የለም፤ የተሳሳቱትም እዚያው ላይ ነበር።

«ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አይነካም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ይበረታል። የሕፃን ደም ደግሞ አይችለውም፤ ከንፈሩ ይበልዛል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል።»

ሽማግሌው ደንግጠው የሕፃኑን ከንፈር አዩ። ደህና ነው። ድንጋጤያቸው ወደ ቁጣ ዞረ። «አርባ ዓመት ቆፍሬ፣ ስለ ውሃ አንቺ ታስተምሪኝ?»

«ኧረ እኔ ልማር፤ ይንገሩኝ። በክረምት ውሃው ምን ያህል ከፍ ይላል?»

«አራት ክንድ።»

«ያ ሁሉ ውሃ በየት አልፎ መጣ?»

ሽማግሌው በመስኮቱ ተመለከቱ። ከጉድጓዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ራሳቸው የቆፈሩት ሽንት ቤት አለ።

«በዚያ በኩል ነዋ» አሉ በመጨረሻ፤ ተነሥተውም የፈላውን ውሃ ደፉት።

ልጅቱ ከጉድጓዱ የቀዳችው ናሙና ተመረመረ፤ የፈራችውም ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሕፃኑ ወተት በታሸገ ውሃ ይበጠበጣል፣ ሽንት ቤቱም ከጉድጓዱ ርቆ ወደ ታች ወረደ። የሰፈሩ ሰውም በበጋም በክረምትም ውሃውን ማስመርመር ለመደ፤ የሚጠጣውን አውቆ የሚጠጣ ሰው ሆነ።

እናቲቱ ድና ስትመለስ ግድግዳው ላይ ሁለት ወረቀት አገኘች። ሁለተኛው «የክረምት ናሙና፤ ለሕፃናት የማይሆን» ይላል።

«አባዬ፣ የወደቁበትንም ይሰቅላሉ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«ከሁለቱ የምወደው እሱን ነው» አሉና ሕፃኑን አሳቀፏት። «ይኼን ያቆየልሽ እሱ ነው።»