የጡት ልጅ

ወረታ ውስጥ የቪዛ ማመልከቻ በኮምፒውተር የሚሞላ ወዳጅ አለኝ። ሱቁ ተቀምጬ ሳለ የሻረግ የምትባል፣ ቁሐር ሚካኤል ከሚባል ቀበሌ የመጣች ሴት ሁለት ልጆቿን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ አስከትላ ገባች። ባሏ ውጭ አገር በሥራ ቪዛ ስላለ ሚስቱንና ልጆቹን መውሰድ ይችላል።

«ሁለቱንም የወለድሽው አንቺ ነሽ?» አላት ወዳጄ። ማመልከቻው ይጠይቃል።

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሷ የጡት ልጄ ናት። እናቷ በወሊድ ስትሞት ቄሱና ሽማግሌዎቹ ባሉበት በአገሩ ወግ ጣቴን ማር ቀብቼ አጥብቼ ልጄ አድርጌያታለሁ።»

«የፍርድ ቤት ወረቀትስ?»

«ልጅ ለማሳደግ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ወንድሜ? ከፈለጉ ሽማግሌዎቹን ላምጣቸው።»

«ኤምባሲዎቹ የሽማግሌ ቃል አይቀበሉም፣ እታለም። የዲኤንኤ ምርመራ ያዝዛሉ። ወልጃታለሁ ብለሽ የወለድሻት ሳትሆን ከተገኘች ሦስታችሁንም ይከለክላሉ።»

እውነቱን ነው፤ እንዲህ የተከለከሉ ሰዎች አነጋግሬ አውቃለሁ። እኔ ግን የማየው ልጅቱን ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ከዚያ በፊት ማንም እንዳልነገራት ከፊቷ ገባኝ።

«እማዬ፣ እኔን ማን ወለደኝ?» አለች።

የሻረግ ወደ ልጅቱ አልዞረችም። ወዳጄን እያየች፣ «ለሁለት ሰው ሙላው» አለችው።