ከየመጋረጃችን ጀርባ የነበረው ስንጥቅ

አረብ አገር፣ ቱቅባ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተን፣ አልጋችንን በየመጋረጃችን ጋርደን ነበር የምንኖረው። ከኔ አልጋ በላይ የጣሪያው ኮንክሪት ፀጉር በምታክል መስመር ተሰንጥቋል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው አከራዩን ጠርቶ «ሙሽኪላ አለ፣ ችግር አለ» ይላል እንዴ? ለማንም ሳልናገር መጋረጃዬን ስቤ ተኛሁ። አከራዩ ጣሪያው ላይ ሁለተኛ የውሃ ታንከር አስቀምጦ የሞላ ቀን ግን ኮንክሪቱ ቋ አለና አብሮን የሚኖረው የሰይድ እግር ላይ ወረደ።

አቧራው ሲበርድ መጋረጃውን ሁሉ ገልጠን ቀና ብንል፣ ለካ ከያንዳንዳችን አልጋ በላይ አንድ አንድ ስንጥቅ ኖሯል! እርስ በርስ ተሳስበው ከሰይድ አልጋ በላይ ተገናኝተዋል።

«አንተም ጋ ነበር?» አለኝ ሰይድ እያቃሰተ።

«ትንሽ ናት ብዬ ነው።»

«የኔም ትንሽ ነበረች» አለ።

ሁላችንም ኢቃማ የለንምና እንያዛለን ብለን ሆስፒታል አልወሰድነውም፤ እግሩ እንደተጣመመ ቀረ። አሁን ሌላ ክፍል ገብተናል። እቃችንን ሳንፈታ መጀመሪያ የሰቀልነው መጋረጃችንን ነው።